የሊትየም ብረት ባትሪ፤ ዕድሜውና ደኅንነቱ

(በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የንግግራችን ርእስ ባትሪ ነው። ባትሪ ዛሬ በየኪሳችን የሚገኝ ዕቃ ስለ ሆነ ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል፤ ለምን እንደሚያረጅና ለምን አንዳንድ ጊዜ እንደሚነድ ብንጠየቅ ግን መልሱ ቶሎ አይመጣልንም። ልናስረዳችሁ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የባትሪ ዕድሜና የባትሪ ደኅንነት ሁለት ጉዳዮች መስለው ቢታዩም፣ በሊትየም ብረት ባትሪ ውስጥ ምንጫቸው አንድ መሆኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊትየም በ1817 አርፍቬድሶን የተባለ የስዊድን ኬሚስት ያገኘው ንጥረ ነገር ነው። ከብረታ ብረት ሁሉ የቀለለ ሲሆን፣ አንዱ ኩብ ሴንቲሜትር የሚመዝነው ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ስለ ሆነ በዘይት ላይ እንኳ ይንሳፈፋል። አንድ ግራም ሊትየም 3,860 ሚሊአምፔር ሰዓት ኤሌክትሪክ ሊያከማች ይችላል። በስልካችን ባትሪ ውስጥ ያለው ግራፋይት ግን በግራም 372 ብቻ ይይዛል። ብልጫው ከዐሥር እጅ በላይ መሆኑ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ብልጫ ያለው ብረት ተመላልሶ በሚሞላ ባትሪ ውስጥ ለምን በሰፊው ሳይሠራበት ቆየ? በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም በአሜሪካ በኤክሶን ኩባንያ ሲመራመር፣ አንዱ ዋልታ የሊትየም ብረት የሆነ፣ ተመላልሶ የሚሞላ ባትሪ ሠራ። ሥራው ድንቅ ነበር፤ እሳቱ ግን አስቸገረ። በ1989 ደግሞ ሞሊ ኢነርጂ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የሠራቸው የሊትየም ብረት ባትሪዎች በጃፓን በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ እሳት ስላስነሡ እንዲሰበሰቡ ሆነ። ከዚያ በኋላ ኢንዱስትሪው ሌላውን መንገድ ያዘ፤ ሊትየሙን በግራፋይትና በመሰል ካርቦን ንብርብሮች መካከል ማሳደር ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተሠራውን ባትሪ ሶኒ በ1991 ለገበያ አቀረበ። ዊቲንግሃም፣ ጆን ጉድኢናፍና አኪራ ዮሺኖም በ2019 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

የእሳቱ ምክንያት እንዲህ ነው። ባትሪው ሲሞላ አዮን የሚባሉት የሊትየም ቅንጣቶች ኤሌክትሮላይት በተባለው ፈሳሽ ውስጥ አልፈው በብረቱ ላይ ይለጠፋሉ። በብረቱ ገጽ ላይ ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ ካለ ቅንጣቶቹ ወደዚያ ያደላሉ፤ ያም ቦታ ይበልጥ እያደገ እንደ መርፌ ሆኖ ይወጣል። ሊቃውንት ይህን ዴንድራይት ይሉታል። መርፌው በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ያለውን ስስ ሽፋን ከበሳ፣ ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ይፈስሳል፤ ባትሪው ይግላል፤ ፈሳሹም ተቀጣጣይ ስለ ሆነ ይነድዳል።

ዕድሜውንም የሚያሳጥረው ይኸው መርፌ ነው። ሊትየም ፈሳሹን እንደ ነካ በላዩ ላይ ቆዳ የመሰለ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ይህም ቆዳ ብረቱን ይጠብቀዋል። መርፌ ባደገ ቁጥር ግን ቆዳው ይሰነጠቃል፤ አዲስ ቆዳ ለመሥራት ሌላ ሊትየምና ሌላ ፈሳሽ ይባክናል። ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲሰጥም መርፌው ከሥሩ ተቆርጦ ያለ ሥራ ይቀራል። ይህ «ሙት ሊትየም» ይባላል።

ኪሳራው ጥቂት ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ያሳያል። ትርፍ ሊትየም በሌለበት ባትሪ በየሙሌቱ ከመቶ 99 እጅ ቢመለስ፣ ከ100 ሙሌት በኋላ የሚቀረው ከመቶ 37 ያህል ብቻ ነው። 99.9 ቢመለስ ከ100 ሙሌት በኋላ 90 ያህል ይቀራል፤ ከ1,000 በኋላ ግን ያው 37 ነው። ከ1,000 ሙሌት በኋላ ከ80 በላይ እንዲቀር ከተፈለገ በየጊዜው 99.98 መመለስ አለበት። የባትሪውን ዕድሜ የምትወስነው ይህች ኢምንት ክፍልፋይ ናት።

መድኃኒቱ በሦስት መንገድ ይፈለጋል። አንደኛው ፈሳሹን ማሻሻል ነው፤ ጨዉን በማብዛት፣ ወይም ፍሎሪን ያለባቸውን ውሕዶች በመጨመር ቆዳው እንዲጠነክር ይደረጋል። ሁለተኛው ፈሳሹን በጠጣር ነገር መተካት ነው። በ2007 የታወቀው፣ ላንታነምና ዚርኮንየም ያለበት ሸክላ መሰል ኤሌክትሮላይት አይነድም፤ ይሁን እንጂ ሊትየም በዓይን በማይታይ ስንጥቁ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ጠጣር የተባለው ሁሉም ከአደጋ ነፃ አይደለም። በሚያዝያ 2022 በፓሪስ የሊትየም ብረትና ጠጣር ፖሊመር ባለበት ባትሪ ከሚሄዱት አውቶቡሶች ሁለቱ ስለ ተቃጠሉ፣ 149 አውቶቡሶች ለጊዜው ከሥራ እንዲወጡ ተደርጎ ነበር። ሦስተኛው መንገድ ባትሪውን በግፊት መያዝና በዝግታ መሙላት ነው፤ ሲቸኩሉ የሚለጠፈው ሊትየም መርፌ ይሆናልና። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት በዚህም ይሠራል።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በጉጂ በቀንጢቻ ሊትየም ያለበት አለት ይገኛል፤ መንግሥታችንም በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ባትሪ የሚገዛ ብቻ ሳይሆን ባትሪን የሚያውቅ ትውልድ ያስፈልጋል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ በቤታችሁ ያለው የስልክ ባትሪ ዓይነቱ ሌላ ቢሆንም፣ በብርድ ወይም ከመጠን በላይ በፍጥነት ሲሞላ በእርሱም ላይ የሊትየም መርፌ ሊበቅል ይችላል። ያበጠ ባትሪ ስታዩ አትሙሉት፤ አትብሱት፤ ከሚነድ ነገርም አርቁት። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከላይ ያልነው ሒሳብ ከምንማረው ብዜት አያልፍም፤ ኬሚስትሪውም በደብተራችን የተጀመረ ነው። የቀረችውን ኢምንት ክፍልፋይ ለማግኘት ከሚደክሙት መካከል የዚህ ትምህርት ቤት ልጆችም እንዲገኙበት ተስፋችን ነው።