ወይዘሮ ሪታን ስናስታውስ
(ለማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣላችሁ የቁጠባና የብድር ጉዳይ አይደለም። ስለ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው፤ ስለ ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት። የባለቤታቸውን የፕሮፌሰር ሪቻርድን ስም ብዙዎቻችን እናውቃለን። የእሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ከባላቸው ስም ኋላ ነው የሚነሣው።

ወይዘሮ ሪታ የተወለዱት ሮማንያ፣ ያደጉት እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አዲስ አበባ መጥተው መጀመሪያ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ሠሩ። ልጃቸው ዶክተር አሉላ ስለ ዕድር ጥናት የጻፉት ናቸው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ለእንደኛ ዓይነቱ ማኅበር ባዕድ አይደለም።

ዛሬ እንዳነሣቸው ያደረገኝ ግን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወዳጆች ማኅበር ነው። እሳቸውና ባለቤታቸው በዚህ ማኅበር ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። አሠራሩ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ የብራና መጽሐፍ፣ ሥዕል ወይም መስቀል ለሽያጭ ሲመጣ ገዝተው ስድስት ኪሎ ላለው የተቋሙ ሙዚየም ይሰጣሉ። አሮጌ ነገር መሰብሰብ የሚወድ ሰው ብዙውን ጊዜ የራሱን ሣጥን ነው የሚሞላው። እነዚህ ሰዎች ግን የወደዱትን ዕቃ ሁሉም ሰው እንዲያየው ለሕዝብ አስረከቡ።

ሌላም አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የአፄ ቴዎድሮስን መጻሕፍት ይዞ ሄዷል። ወደ 350 የሚሆኑት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ወይዘሮ ሪታ እ.ኤ.አ. በ1973 የዚያን ቤተ መጻሕፍት ታሪክ አጥንተው አሳተሙ። ምን እንደነበረንና የት እንደደረሰ ካልተጻፈ፣ ይመለስልን ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል?

እህቶቼ፣ ነገሩ እኛም ቤት አለ። አያት ሲያርፉ የብር መስቀሉ፣ ማርያ ቴሬዛው፣ ዳዊቱ ለልጆች ይከፋፈላል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ይሸጠዋል፤ ከማን እንደመጣ የሚያውቅ ይጠፋል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በሥራዬ ያልተመዘገበ ንብረት ሲጎድል ማንም አይጠየቅበትም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ነገር ግን ሕጉ ሣጥናችንን ከፍቶ አይቆጥርልንም። ስለዚህ እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። ዕቃው ምንድን ነው? ከማን መጣ? መቼ? ፎቶውም ይነሣ። እናቶቻችንን ዛሬ በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ።

ወይዘሮ ሪታ ስለ እኛ ስለ ሴቶችም ጽፈዋል፤ ስለ ንግሥት እሌኒ፣ ስለ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ። ግንቦት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. አረፉ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ከሁለት ዓመት በፊት ቀድመዋቸው ነበር። እኔ በአካል አላውቃቸውም፤ ሥራቸውን ግን ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል።

ሐሳቤን በአንድ ጥያቄ ልቋጭ። ከመጪዎቹ ቅዳሜዎች በአንዱ ከአትላስ አብረን ተነሥተን ሙዚየሙን እንጎብኝ። ልጆቻችንንም እንውሰድ። የመግቢያውን ከማኅበሩ የመዝናኛ ሒሳብ መክፈል እንችላለን፤ ከተስማማችሁ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ።