ከጽኑ ሕመም በኋላ ስላለው ጊዜ
(በሰበታ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርንም። ከመካከላችን የአንዱ አጎት፣ እዚሁ ሰበታ በአናጢነት የሚተዳደሩ ሰው፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በሳንባ ምች ታመው፣ ሕመሙም ጠንቶ መላ ሰውነታቸውን ስላወከው፣ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በጽኑ ሕሙማን ክፍል 19 ቀን ተኝተው ነበር። ከእነዚህ ቀኖች 11ዱን የተነፈሱት በመሣሪያ ነው። ከዚያም ወደ ተራው ክፍል ተዛወሩ፤ ከሳምንት በኋላም «ድነዋልና ወደ ቤትዎ ይሂዱ» ተባሉ። እኛም ዘመድ ወዳጁ ተሰብስበን፣ ፈጣሪን አመስግነን፣ መኪና ተከራይተን በጅማ መንገድ ይዘናቸው መጣን። ደጃቸው ደርሰን ከመኪናው ሊወርዱ ቢሞክሩ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሁለት ሰው ደግፎ አስገባቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳንቃ ሲሸከሙ የኖሩት ሰው በዚያ ሌሊት ጋቢያቸውን ወደ ላይ ስቦ መልበስ አቃታቸው።

በዚያን ቀን ሕመሙ አልቆ ድካሙ ብቻ የቀረ መስሎን ነበር። ድካም ደግሞ በዕረፍት ይወጣል አልን። ሁለቱም አሳባችን ስሕተት እንደ ነበረ ያወቅነው ብዙ ከቆየን በኋላ ነው። ዛሬም የምንነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ ከመካከላችሁ ሕክምና የሚያስተምሩ መምህራን ስላሉም የጎደለውን እንዲሞሉልን፣ የተሳሳተውን እንዲያርሙልን እንለምናለን።

ለመሆኑ ሰው በጽኑ ሲታመም በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው? ሰውነት ከባድ ሕመም ሲገጥመው ለመከላከያው ብዙ ስንቅ ይሻል። በሽተኛው ደግሞ አይበላም፤ ቢበላም ሰውነቱ ምግቡን እንደ ጤናው ጊዜ አይጠቀምበትም። ስለዚህ እንጨት ያለቀበት ቤት የራሱን ማገር እየነቀለ እንደሚያነድ፣ ሰውነትም የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የሎንዶን ሐኪሞች ጥናት 63 ጽኑ ሕሙማንን ተከታትሎ የጭናቸውን የፊት ጡንቻ በአልትራሳውንድ ለክቶ ነበር። በ10 ቀን ውስጥ ስፋቱ በአማካይ ከመቶ 18 እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከአንድ በላይ ብልታቸው በታወከባቸው ሕሙማን ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብስ ነበር። ልብ በሉ፤ አሥር ቀን ብቻ ነው። ጤነኛ ሰውም አልጋ ላይ ቢቆይ ጡንቻው ይሳሳል፤ ነገር ግን በዚህ ፍጥነት አይደለም።

የመተንፈሻው ጡንቻም እንዲሁ ነው። በደረትና በሆድ መካከል የተዘረጋው ድያፍራም ሥራውን መሣሪያው ሲሠራለት ሥራ እንደ ፈታ ሰው ይሰንፋል። በአሜሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ድያፍራም ፈጽሞ ሳይሠራ ሦስት ቀን እንኳ ሳይሞላው ክሮቹ ምን ያህል እንደሚቀጥኑ አሳይቷል። ከዚህም ሌላ ነርቮች ራሳቸው ይጎዳሉ። በካናዳ ሐኪሙ ቦልተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 የገለጧቸው ሕሙማን ሳንባቸው ድኖ ሳለ ከመሣሪያው መላቀቅ ያቃታቸው ነበሩ። ሲመረመሩ ሕመሙ የእጅና የእግር፣ የመተንፈሻም ነርቮቻቸውን ጎድቶት ተገኘ። እንግዲህ አጎታችን ከመኪናው መውረድ ያቃታቸው ልባቸው ስለ ፈራ ወይም ስለ ሰነፉ አልነበረም።

ሌላም ምልክት አለ። ከወጡ ከሁለት ወር በኋላ ባለቤታቸው እጃቸውን ሲያጥቡ በሁሉም ጥፍሮቻቸው ላይ አግድም የተሰነጠረ የሚመስል መስመር አገኙ። ደንግጠው ጠሩን። ይህን መስመር ቦ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1846 ጽፎበታል። በጽኑ ሕመም ጊዜ የጥፍር እድገት ቆም ይልና እንደ ገና ሲቀጥል በቆመበት ስፍራ ጎድጓዳ መስመር ይቀራል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ መስመሩ ከሥሩ ምን ያህል እንደ ራቀ ለክቶ ሕመሙ የጠናበትን ወር መናገር ይቻላል። ለክተን ነበር፤ በትክክል ነሐሴ ላይ ወደቀ። ፀጉራቸውም በዚያው ሰሞን ይረግፍ ጀመረ፤ ይህም የታወቀ ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ ይመለሳል። ጉሮሯቸው በቱቦው ተጎድቶ ድምፃቸው ለረጅም ጊዜ ሻካራ ሆኖ ቆየ፤ ውሃም ሲጠጡ ትን ይላቸው ነበር።

ከሥጋው ይልቅ ቤተሰቡን ያስጨነቀው ግን የአእምሮው ነገር ነበር። አጎታችን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳሉ አስታማሚዎቹ ሊገድሏቸው የተማከሩ መስሏቸው ነበር፤ ጣራው ላይ ሰዎች ሲሄዱ አይተዋል፤ የሞተችው እናታቸው አልጋቸው ሥር ቁጭ ብላ ፈትል ስትፈትል አይተዋል። ቤት ከገቡም በኋላ ሌሊት እየጮኹ ይነቁ ነበር። ጎረቤቱ የመሰለውን ተናገረ። እኛ ማንም በእምነቱ የሚያደርገውን አንነቅፍም፤ ጠበልም ሄደዋል፤ ተጽናንተውም ተመልሰዋል። ቢሆንም ይህን ዓይነቱን መቃዠት ሐኪሞች አሳምረው ያውቁታል። በመሣሪያ ከሚተነፍሱት ሕሙማን የሚበዙትን የሚያገኝ ነው። በአሜሪካ 821 ሕሙማንን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ ከዓመት በኋላ ከአራቱ የአንዱ አሳብ የመያዝና የማስታወስ ችሎታ መለስተኛ የመርሳት በሽታ ከያዘው ሰው ጋር የሚመሳሰል ሆኖ አግኝቶታል። በዕድሜ የገፉት ብቻ አልነበሩም፤ ወጣቶችም ነበሩባቸው። አናጢው አጎታችን የአንድ መስኮት ልክ ሦስት ጊዜ ለክተው ሦስቴ ሲረሱት ያየነው በዚህ ጊዜ ነው። እርሳቸው ግን የተናገሩት አንዳች ነገር አልነበረም፤ ሜትሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ይህን ሁሉ ቀድሞ የነገረን ሰው ለምን ታጣ? ከሆስፒታሉ በተሰጠን ወረቀት ላይ የመድኃኒት ስም እንጂ ስለ እግር፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ቅዠት የተጻፈ አልነበረም። በዚህ ግን ማንንም አንከስም። ነገሩ ራሱ አዲስ ነው። አባቶቻችን እንዲህ የታመመውን ሰው ይቀብሩት ነበር እንጂ አያስታምሙትም ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በገባ ጊዜ በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው 10,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በጽኑ ታመው ከተረፉት አንዱ ነበሩ። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠልና ሲታጠን የምናስበው የሞቱትን ነው። ተርፈው በየቤቱ ግድግዳ ይዘው መሄድን እንደ ገና ስለ ተማሩት ግን ሲነገር አልሰማንም።

ጽኑውን በሽተኛ በሕይወት ማቆየት የተጀመረው ደግሞ ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው፤ በነገሩም የእናንተ ቢጤ ተማሪዎች አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ ገብቶ መተንፈስ ያቃታቸው ሕሙማን በየቀኑ ሲሞቱ፣ ዶክተር ብዮርን ኢብሰን የተባለ ሐኪም አንገታቸው ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ቱቦ በማግባት፣ በጎማ ከረጢት አየር በእጅ እየተጨመቀ እንዲገባላቸው አደረገ። መሣሪያ ስላልነበረ ከረጢቱን የሚጨምቅ እጅ ያስፈልግ ነበር። 1,500 ያህል ተማሪዎች ተጠርተው በፈረቃ፣ ሌሊትና ቀን፣ ለሳምንታት ጨመቁ። ቀድሞ ከመቶው ከ80 በላይ ይሞት የነበረው ከግማሽ በታች ወረደ። በማግስቱ ዓመትም ኢብሰን ለጽኑ ሕሙማን ብቻ የተለየ ክፍል በዚያው ከተማ አቋቋመ። እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ስለ ተማሪዎቹ ብዙ አሰብን፤ የሚጨምቁትን ከረጢት ቢተዉት ፊታቸው የተኛው ሕፃን ይሞታል፤ ፈተናም ሳይቀርባቸው አይቀርም።

«ከሞት የተረፈው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» ተብሎ በደንብ እስኪጠየቅ ግን ሌላ ሃምሳ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2003 የቶሮንቶዋ ሐኪም ማርጋሬት ሄሪጅና ባልደረቦቿ ከጽኑ የሳንባ ሕመም የተረፉ 109 ሰዎችን ለዓመት ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች ከክፍሉ ሲወጡ ከክብደታቸው ከመቶ 18 እጅ አጥተው ነበር። ከዓመት በኋላ ሳንባቸው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደኅንነቱ ተመልሶ ሳለ በስድስት ደቂቃ የሚሄዱት መንገድ ከሚጠበቅባቸው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነበር፤ ወደ ሥራ የተመለሱትም ግማሽ ያህሉ ናቸው። የያዛቸው የጡንቻ ድካም ነበር።

በእኛም አገር መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ከተገኘ በኋላ፣ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና የሚሌኒየም አዳራሽ ለዚሁ ሕክምና በዋሉበት ጊዜ፣ ኦክስጅን ምን ያህል ውድ ነገር እንደ ሆነ ሁላችንም ተማርን። የዳኑት ቁጥርም በየማታው በዜና ይነገር ነበር። «ዳነ» የሚለው ቃል ግን በዚያ ዜና ውስጥ ብዙ ነገር ሸፍኗል ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አጎታችን በገቡ ጊዜ ሁላችንም ያልናቸው «ይተኙ፤ አይነሡ» ነው። ውኃ በእጃቸው እንኳ እንዲይዙ አንፈቅድም ነበር። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ስድስት ሳምንት አባክነንባቸዋል። በአሜሪካ በ104 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሥራ፣ ገና በመሣሪያ ሲተነፍሱ ሳሉ እየተቀሰቀሱ እንዲቀመጡና እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ከሆስፒታል ሲወጡ ከመቶ 59ኙ ራሳቸውን ችለው ሲገኙ፣ እንደ ልማዱ የተያዙት ግን 35ቱ ብቻ እንደ ነበሩ ያሳያል። በሌላ ወገን በ2022 የወጣ ከ700 የሚበልጡ ሕሙማን የነበሩበት ጥናት፣ ከተለመደው በላይ ማጣደፍ የተለየ ጥቅም እንዳልሰጠ፣ እንዲያውም ጉዳት እንዳበዛ ገልጧል። ስለዚህ የእኛ አሳብ በሽተኛውን አስነሥታችሁ አስሩጡት ማለት አይደለም። ሐኪሙን ጠይቃችሁ፣ ዛሬ አልጋ ጠርዝ ላይ፣ ነገ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ አጥሩ። ደረቱን ካመመው ወይም መናገር እስኪያቅተው ካለከለከ ይቁም።

ስለ ምግብም የምንለው አለን። አጥሚት በአገራችን የሕመምተኛ ምግብ ነው፤ እናቶቻችንም በፍቅር ያዘጋጁታል። ነገር ግን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ጡንቻ አይሠራም። የፈረሰውን የሚገነባው እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ምስሩ፣ ሽሮው ነው። ጾም የሚጾም ሕመምተኛ የንስሐ አባቱን ያነጋግር። ብዙ ቀን ሳይበላ ለቆየ ሰው ደግሞ ባንድ ጊዜ ማግበስበስ አደገኛ ስለ ሆነ በሐኪም ምክር ጥቂት በጥቂት ይጨመር።

ስለ ጠያቂዎች ብንናገር ትስቁብናላችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ሞልቶ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። በሦስተኛው ወር ማንም የለም። የመጣው ሰውም «ኧረ ተመስገን፣ ፊትዎ ወዝቷል፤ ሥራ መቼ ይጀምራሉ?» ብሎ ይሄዳል። ፊታቸው ወዝቶ እጃቸው ግን መዶሻ አያነሣም ነበር። የሱቃቸው ኪራይ ተከማችቶ በጥር ወር ሱቁን ለቀቁ። ዕቁባቸውንም አቋረጡ። ዕድራቸው ቢሞቱ ኖሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጥ ነበር። ስለ ተረፉ ግን የሚገባቸው ነገር በደንቡ ላይ አልተጻፈም። እኛ ዕድርን አክብረን ነው የምንናገረው፤ ሕመምተኛ የሚረዱ ዕድሮችም አሉ። ግን በየሰፈራችሁ ያለው ዕድር ደንቡን ሲያሻሽል ከጽኑ ሕመም ለተረፈ አባል የጥቂት ወር ድጋፍ እንዲያስብ ብትጠይቁ ምን ይከፋል? ከእናንተ መካከል የዕድር ጸሐፊ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህ ነገር ይብሳል። ከተሞቹ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ ጽኑ ሕመምተኛቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው አዲስ አበባ ሄዶ ነው። ለአንድ ቀጠሮ ታክሲ ሁለት ሦስቴ መለወጥ፣ ቀኑን ሙሉ መዋል አለ። ከፍታውም ይቆጠራል፤ ሰበታ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጤነኛው አይታወቀውም፤ የተጎዳ ሳንባ ይዞ ከአስፋልቱ ወደ ወጨጫ በኩል ያለውን ዳገት የሚወጣ ግን ያውቀዋል።

አጎታችን ዛሬ በሌላ አናጢ ሱቅ ውስጥ በቀን ግማሽ ይሠራሉ። መላጊያ ይይዛሉ፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ሚስማር ሲይዙ ገና ይንቀጠቀጣሉ። መስመር የነበረበት ጥፍር አድጎ ተቆርጧል። መሄድ የጀመሩት የወንድማቸው ልጅ ከትምህርት ሲመጣ እየደገፋቸው ነው፤ በሰበታ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ እስካለው መንገድ ድረስ ይሄዱ ነበር። ዘንግ ይዘው መንገዱን የሚያቋርጡትን ተማሪዎች እያዩ ያርፋሉ፤ «እነዚህ ልጆች ከእኔ ይፈጥናሉ» እያሉ ይስቁ ነበር።

የወንድማቸው ልጅ እዚህ አጠገባችን ተቀምጧል። በየሰፈራቸው ከጽኑ ሕመም የተነሣ ሰው ለሚያውቁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሄደው አብረው ለመራመድ ፈቃደኛ ለሆኑ ተማሪዎች ስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዟል። የሐኪም ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ሕክምና እኛ አንሰጥም፤ ክንድ ብቻ ነው የምናበድረው። የሰበታዎቹ ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ከአየር ጤና የታክሲ መነሻ አብረን እንሄዳለን። የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች ቁጥራችሁ ሲታወቅ ቀኑን ትወስናላችሁ። ጥያቄ ካለ አሁን እንቀበላለን።