«ስትሞቅ ትከዳኛለች»፦ ስለ ቫናችን ካምቢዮ
በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር



በየዓመቱ እዚህ ቆሜ የማቀርበው ገቢና ወጪ ነው። ዛሬ ግን ሊቀመንበራችን «የቫኗን ነገር አንቺው ንገሪያቸው» ስላሉኝ ስለ ካምቢዮ እናገራለሁ። መካኒክ አይደለሁም፤ ዲፕሎማዬ በሒሳብ አያያዝ ነው። ነገር ግን ዘንድሮ ስምንት እህቶች ሊበደሩት የሚገባውን ገንዘብ በአንድ ጠዋት ለጥገና ልንከፍል ጥቂት ቀርቶን ነበር። እዚያ ካደረሰን ስሕተት ግማሹ የእኔ ስለሆነ መናገሩም የእኔ ድርሻ ነው።

ቫኗን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ዕድሜ የጠገበች የጃፓን መኪና ናት፤ ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ ነው። ከኋላ ምድጃ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ መደርደሪያና 200 ሊትር የሚይዝ የውኃ ማጠራቀሚያ አስገጥመንላት ተንቀሳቃሽ ወጥ ቤት አድርገናታል። በገበያ ቀን ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አንዳንዴም አሰላ እየሄደች ምግብና ባልትና ትሸጣለች። እሷ ስትቆም የብዙ አባላት ጓዳ አብሮ ይቆማል።

የምታሽከረክርልን እህታችን በአንድ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «ይቺ መኪና ስትሞቅ ትከዳኛለች» አለች። ሁላችንም ሳቅን። አንዷማ «ስለ መኪናዋ ነው ወይስ ስለ ባልሽ?» ብላ አሳቀችን። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «መኪናዋ ችግር እንዳለባት ተገልጿል» ብዬ ጻፍኩና ወደ ሌላ አጀንዳ አለፍን። እህታችን ግን በሁለት ቃል ሕመሙንም ሰዓቱንም ነግራን ነበር። የጣልኩት እኔ ነኝ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጀቱን ስናጠብ «የካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ» የሚለውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ነዳጅ፣ ቦሎ፣ መድን፣ ጎማ፣ የሞተር ዘይት ሲቀሩ የካምቢዮው ግን ቅንጦት መሰለኝ። «እየሄደች ምን ይቀየርላታል?» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ወደ አሰላ ስትወጣ፣ ዴራን አልፋ ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ መሄድ አቃታት። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ኮፈኑን እንኳ በቅጡ ሳይከፍቱ «ካምቢዮው ሞቷል፤ ሌላ ይገዛ» አሉን። እኔ የክፍያ ማዘዣውን አዘጋጀሁ። ገንዘብ ያዥዋ ግን «ሬሳውን ሳላይ አልቀብርም» ብላ አልፈርምም አለች። እግዜር ይስጣት!

በሰው በሰው አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድን። እኔ ገና «ጋሼ፣ ስንት ያስወጣናል?» ስል «ልጄ፣ ስንት የሚለው ኋላ ይመጣል። መጀመሪያ መቼ እንደምታስቸግራችሁ ንገሪኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የመለሰችው ሾፌራችን ናት። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ወደ ባቱ ሜዳውን ቀኑን ሙሉ ብትሄድም ደህና ናት። ውኃው ሞልቶ ወደ አሰላ ስትወጣ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መንሸራተት ትጀምራለች፤ ቆማ ስትቀዘቅዝ ደግሞ ይሻላታል። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ዘይቱን እንየው» አሉ።

ለምን ዘይቱን እንዳሉ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በእግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ነው። በኦቶማቲክ ግን በመካከላቸው ያለው ዘይት ነው። ሁለት ማራገቢያ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ አንዱን ብታበሩ ነፋሱ ሌላውን ያዞረዋል አይደል? በካምቢዮው ውስጥ የነፋሱን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። ማርሹን የሚቀይሩትን የውስጥ ፍሪሲዮኖች በግፊት የሚያጣብቀውም፣ ብረቱን የሚያለሰልሰውም፣ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚወስደውም ያው ዘይት ነው። ሲጎድል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጎድላሉ።

አገራችን ደግሞ ካምቢዮን ትፈትናለች። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ። 75 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሄደን 700 ሜትር እንወጣለን። 200 ሊትር ውኃ 200 ኪሎ ነው፤ ምድጃው፣ ሲሊንደሩና ሰዉ ሲጨመር ካምቢዮው ይግላል። ዘይት ሲግል ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። መጠኑ ጎድሎ ከሆነ ደግሞ ዳገት ላይ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ፓምፑ አየር ይስባል። «ስትሞቅ ትከዳኛለች» ማለት ይኸው ነው።

ዘይቱን ማየት ሁላችንም የምንችለው ሥራ ነው። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካላዘዘ በቀር፣ መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ ሜዳ ላይ ይቆማል። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የእግር ፍሬን ተረግጦ ማርሹ ከፒ እስከ ኤል ቀስ እያለ ያልፍና ወደ ፒ ይመለሳል። ሞተሩ ሳይጠፋ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይወጣል፣ ክር በማይተው ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ገብቶ እንደገና ይወጣል። ዘይቱ ለሙቅ በተሠራው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ከጠቆረና ያረረ ነገር ከሸተተ ፍሪሲዮኖቹ እየተቃጠሉ ነው። ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከደፈረሰ የራዲያተር ውኃ ገብቶበታልና መኪናው አይነዳ። ከምልክቱ በላይ መሙላትም ጉዳት ነው፤ አረፋ ይሆናል። የዘይቱም ዓይነት መመሪያው ያዘዘው ብቻ ነው።

ከዘይቱ ቀጥሎ የሚጠየቀው ምልክቱ ነው። ጋሼ የነገሩኝን እንዲህ ጽፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተጓዘ መንሸራተት ነው፤ መጀመሪያ የዘይት ጉድለት፣ ቀጥሎ ያለቀ ፍሪሲዮን ይጠረጠራል።

ሁለተኛ፣ ማርሹን ዲ ወይም አር ላይ አድርገን ለመያዝ ጥቂት ሰከንድ ከቆየች የዘይት ማነስ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም የደረቁ የውስጥ ጎማዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ማርሽ የምትቀይረው ዘግይታ ወይም እየመታች ከሆነ፣ በቆዩ መኪኖች ላይ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ሽቦ ልኩን ስቶ ይሆናል። እሱን ማስተካከል ካምቢዮ ማውረድ አይጠይቅም።

አራተኛ፣ የመጨረሻው ማርሽ እምቢ ካለ የኦቨርድራይቭ ቁልፉ ጠፍቶ እንዳይሆን ይታይ። ብዙ መኪኖችም ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ያንን ማርሽ አይሰጡም።

አምስተኛ፣ በዳሽቦርዱ ላይ የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ ጥፋት መዝግቧል፤ ማንም ሳይፈታ ኮዱ ይነበብ።

የእኛ ዘይት በጣም ጎድሎና ቡናማ ሆኖ ተገኘ፤ ያረረ ሽታ ግን ገና አልነበረውም። ወደ ራዲያተር የሚሄደው የዘይት ጎማ ተሰነጣጥቆ ነበር። የሚያንጠባጥበው ሞተሩ ሲሠራ ስለነበር ማታ በምትቆምበት ቦታ ብዙ ምልክት አላየንም። ጎማው ተቀየረ፣ ፊልትሮውና ዘይቱ ተቀየሩ፣ ከዚያም ውኃ ሞልተን የከዳችበት ዳገት ላይ ሞከርናት። ወጣች። የከፈልነው ገንዘብ የአንዲት አባል ብድር ያህል እንኳ አልሞላም።

ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሙሉ በሙሉ አልዳነችም። ዘይቱ ጎድሎ በተነዳችባቸው ወራት ፍሪሲዮኖቿ ተበልተዋል። አሁንም በጣም ስትሞቅ አንዳንዴ ትንሸራተታለች። ስለዚህ ወደ አሰላ ስንወጣ ውኃውን ግማሽ ብቻ እንሞላለን፣ ኦቨርድራይቩን እናጠፋለን፣ መንገድ ላይም እናሳርፋታለን። አንድ ቀን ካምቢዮ መግዛታችን አይቀርም፤ ለዚያም ከሽያጩ በየወሩ ጥቂት ማስቀመጥ ጀምረናል። በቀይ የሰረዝኩት መስመር ዋጋው ይኸው ነው፤ በደጋፊዎቻችን ፊት አልደብቀውም።

ከእንግዲህ በቫኗ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ሾፌራችን ያየችውን በራሷ ቃል ትጽፍበታለች፤ ሙቅ ነበረች ወይስ ቀዝቃዛ፣ ሜዳ ነበር ወይስ ዳገት፣ ጭነቱ ምን ያህል ነበር፣ ስንተኛው ማርሽ ላይ። ያ ገጽ ሳይያያዝ ለጥገና የሚፈረም ማዘዣ የለም። መንገድ ላይ ከቆመችም የሚነዱት ጎማዎቿ መሬት እየነኩ በገመድ አትጎተትም፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ስለማይሠራ ካምቢዮው ያለ ዘይት እየተፋጨ ያልቃል።

ያለ ደረሰኝ አልከፍልም ስላችሁ ስንት ዓመት ተጨቃጨቅን! አሁን ደግሞ «መቼ?» ለሚለው መልስ ሳይጻፍ «ስንት?» ብዬ አልጠይቅም። ያን ቀን የሳቅንባትን እህታችንንም በሁላችን ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቃለ ጉባኤውም ይታረም፤ «ስትሞቅ ትከዳኛለች» ተብሎ፣ እሷ እንዳለችው ይጻፍልኝ።