ፋጅ ባክቴሪያውን በምን ይለየዋል?



በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለው የይፋት ቆላ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርት ምድር ነው። አንድ ወንዝ ለመስኖም ለመጠጥም በሚቀዳበት አገር ሁሉ ኮሌራ ስጋት ነው፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ የተነሣው ወረርሽኝ በበርካታ ክልሎች መዛመቱን እናስታውሳለን። ዛሬ የምናገረው የኮሌራው ባክቴሪያ በውሃም በአንጀትም ስለሚገጥመው ጠላት፣ ስለ ፋጅ ነው።

ፋጅ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። በራሱ አይንቀሳቀስም፤ ከባክቴሪያው ጋር የሚገናኘው በአጋጣሚ ነው። ኢ. ኮላይን የሚያጠቃው ቲ4 በመጀመሪያ በረጃጅም የጅራት ክሮቹ የባክቴሪያውን ገጽ ይዳስሳል፤ ይህ አያያዝ ሊላቀቅ ይችላል። ተስማሚ ተቀባይ ሲያገኝ ግን አጫጭር ክሮቹ ተዘርግተው አጥብቀው ይይዛሉ፤ የጅራቱ ሽፋን ይኮማተርና ዲ.ኤን.ኤው ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

በባንግላዴሽ ከኮሌራ ሕሙማን ሰገራ የተገኘው ፋጅ አይሲፒ1 ደግሞ የሚይዘው በባክቴሪያው ገጽ ላይ ያለውን ኦ1 አንቲጅን ነው። ባክቴሪያው ይህን አንቲጅን ቢጥል ከፋጁ ያመልጣል፤ ሆኖም በአንጀት ውስጥ የመራባት ኃይሉ ይዳከማል። ማምለጫው ራሱ ዋጋ ያስከፍለዋል።

ስለዚህ ነገ ከይፋት ወንዞች ናሙና ቀድታችሁ በሳህኑ ላይ ፋጅ ያጠራውን ክብ ብታዩ፣ «ገደለው» ብላችሁ አትርኩ። «በምን ያዘው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለሕክምና የሚበጀውን ፋጅ የሚለየው ይህ ጥያቄ ነውና።