ዕርዳታ ለመጠየቅ ወረቀት ስንጽፍ
በሄርማታ ለቡና ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የማነጋግራችሁ ስለ ቡና በሽታ ወይም ስለ ችግኝ አይደለም። ማኅበራችሁ ከለጋሽ ድርጅት ዕርዳታ ለማግኘት ወረቀት ሲጽፍ ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። ፕሮፖዛል የሚሉት ይኸው ወረቀት ነው። ብዙዎቻችሁ «ይህ የተማረ ሰው ሥራ ነው» ትላላችሁ። እኔ ግን የገበያ ሥራ ነው እላለሁ።

ሄርማታ በአባ ጅፋር ዘመን የታወቀ የሐሙስ ገበያ ነበረ። ገበያ የለመደ ሕዝብ ስለ ሆናችሁ ነገሩ አይጠፋችሁም። ቡና የሚገዛ ሰው ጆንያው አምሮ ስለ ተሰፋ አይገዛም፤ እጁን ከቶ እፍኝ ያወጣል፤ ያሸታል፤ በጥርሱ ይሰብራል። ለጋሽም እንዲሁ ነው። የእናንተ ጆንያ መዝገባችሁ ነው፤ ያማረው ወረቀት የጆንያው ስፌት ብቻ ነው።

እኔ ራሴ ወጣት የልማት ሠራተኛ ሳለሁ ክፉኛ ተሳስቻለሁ። ለአንድ ቀበሌ የውሃ መሳቢያ ሞተር እንዲሰጥ ሃያ ገጽ ጻፍሁ። አብዛኛውን ከሌላ ወረዳ ወረቀት ገልብጬ ነበር፤ የሕዝቡን ቁጥር እንኳ ያልለወጥሁበት ቦታ ነበረ። ያም ሆኖ ሞተሩ ተሰጠን። በምረቃው ቀን ሰንጋ ታረደ፤ ንግግር ተደረገ። አንዲት ባልቴት ከኋላ ሆነው «ልጄ፣ ይህ ነገር ናፍጣውን ከየት ይጠጣል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሳቅሁ። በሁለተኛው ክረምት ሞተሩ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበት ጀመር። የባልቴቷ ጥያቄ በሃያው ገጽ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ ወረቀት ከመጻፋችሁ በፊት ጉባኤ ጥሩ። ለጋሹ ከሄደ በኋላ ነገሩን ማን ይጠብቀዋል? ሲበላሽ ማን ያሠራዋል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ ለሊቀ መንበሩ ብቻ አትተዉት። ቡና የሚለቅሙትና ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ባሉበት ይነሣ፤ እነርሱ የማያውቁት ችግር የለምና።

አሁን አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እሸት ቡና በመፈልፈያ ጣቢያ ሲታጠብ እጣቢው ውሃ ከገለባውና ከልሐጩ ስኳር ይዞ ይወጣል። ወንዝ ሲገባ ይቦካል፤ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፤ ዓሣ ይሞታል፤ ሽታው አያስጠጋም። በጅማ ዙሪያ መፈልፈያ ያለበት ቀበሌ ሁሉ ይህን ያውቃል። ማኅበራችሁ እጣቢውን በኩሬ አጠራቅሞ ቬቲቨር ሣር በተተከለበት መስክ ለማጣራት ቢያስብ እንዴት ይጻፍ?

አንዱ እንዲህ ይጽፋል፤ «ሕዝባችን በከፍተኛ ችግር ላይ ስለሚገኝ ማንኛውም ዕርዳታ እንዲደረግልን በትሕትና እንለምናለን።» ይህን ያነበበ ሰው ምን ሊሰጥ ይችላል? ሌላው ደግሞ እንዲህ ይጽፋል እንበል፤ «ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ የጣቢያችን እጣቢ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከታች 64 ቤተሰቦች ከዚሁ ወንዝ ይቀዳሉ፤ ከብት ያጠጣሉ። ሁለት ኩሬና ግማሽ ሔክታር የሣር መስክ ያስፈልገናል። መሬቱን ማኅበሩ ሰጥቷል።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሰውየው መኪናውን አስነሥቶ ሊያየው ይመጣል። 64ቱን ቤተሰቦች ግን በእግራችሁ ዞራችሁ ቁጠሩ። ከመጣ ይቆጥራቸዋልና።

ቀጥሎ የራሳችሁን ድርሻ ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ማኅበር ራሱን ይበድላል፤ ገንዘብ ካልሆነ በቀር ያለውን እንደ ሀብት አይቆጥርም። 120 አባሎች በሳምንት አንድ ቀን በደቦ ወጥተው አራት ሳምንት ኩሬ ቢቆፍሩ 480 የሥራ ቀን ይሆናል። የቀን ሠራተኛ 300 ብር የሚከፈለው ከሆነ 144,000 ብር ነው። ከእያንዳንዱ ኪሎ እሸት ቡና 50 ሳንቲም ብታስቀሩና በዓመት 150,000 ኪሎ ብትረከቡ ደግሞ 75,000 ብር ጥሬ ገንዘብ አላችሁ። እንግዲህ 219,000 ብር ይዛችሁ የጎደለውን ቱቦ፣ ሲሚንቶና የኩሬ ፕላስቲክ ትጠይቃላችሁ። ለማኝ ሳትሆኑ ሸሪክ ሆናችሁ ቀረባችሁ ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን በቁጥር ጻፉት ነው የምላችሁ።

የዋጋውን ነገር ከሦስት ሻጭ ፕሮፎርማ አምጡ፤ ቀኑንም ጻፉበት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የባሕር ማዶ ዕቃ ዋጋ የዓምናው አይደለምና፣ አሮጌ ፕሮፎርማ ይዞ የቀረበ ማኅበር ገንዘቡ በመንገድ ያልቅበታል። ስለ ሽፋኑና ስለ ማኅተሙ ብዙ አልናገርም፤ ለጋሹ የሚሰጠውን ቅጽ እንዳለ ሙሉ።

በአጋሮ አጠገብ ያለውን የዱሮሚናን ማኅበር ስም ሰምታችኋል። የዚህ አገር ቡና ጅማ 5 እየተባለ በርካሽ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ፣ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬውን በማኅበር እያደራጀ ስለ እጥበት ያስተምር ነበር። ለዚህ ሥራ ገንዘቡን የሰጠው የቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ነው። ልብ በሉ፤ ስጦታው የዋለው ለሥልጠናና ለምክር ነው። መፈልፈያውን ግን ማኅበሮቹ በብድር ተከሉ። በ2004 ዓ.ም. የዱሮሚና ቡና በአፍሪካ የጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። በኔ አስተያየት መፈልፈያው በነጻ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ እንዲያ አይጠበቅም ነበር፤ ዕዳ ያለበት ሰው ማታ ተነሥቶ ገንዳውን ያያል።

ሌላው ነገር የምታንኳኩትን በር መለየት ነው። የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው፤ ትርፍ ለአባሎቹ ይከፋፍላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ግን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመዘገብ ሲሆን ትርፍ አይከፋፍልም። እድርና ዕቁብ በዚህ አዋጅ አይገዙም። አንዳንዱ ለጋሽ ትርፍ ለሚከፋፈል ማኅበር አይሰጥም። ለምሳሌ የጃፓን ኤምባሲ ለአነስተኛ የሕዝብ ሥራዎች የሚሰጠው ዕርዳታ ትርፍ ለማይሹ ድርጅቶችና ለአካባቢ መስተዳድር የታሰበ ነው፤ ደመወዝና የዕለት ወጪም አይሸፍንም። እንዲህ ያለውን በር ከወረዳው ወይም ከትምህርት ቤቱ ጋር ሆናችሁ አንኳኩ። ከማይሆን በር ስድስት ወር ከመቆም አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ይሻላል።

ደግሞም አንድ በር ብቻ አይኑራችሁ። በ2017 ዓ.ም. ዩኤስኤይድ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ሲዘጋ ያየነውን አየን። በእርሱ ገንዘብ ብቻ የቆሙ ሥራዎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቆሙ፤ ሠራተኞቻቸውም ተበተኑ። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፤ ነገር ግን የራሱ ጎተራ የነበረው ቆይቶ አማራጭ ፈለገ፣ ያልነበረው ዘጋ።

የራስ ጎተራ ስል ሩቅ ነገር አይደለም። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቡናውን በፌርትሬድ ገበያ ሲሸጥ፣ ከዋጋው በላይ በያንዳንዱ ፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ጭማሪ ይታሰባል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 5ቱ ለጥራትና ለምርት ማሻሻያ መዋል አለበት፤ የቀረው በምን ላይ እንደሚውል አባሎቹ በጉባኤ ይወስናሉ። ከዚህ ገንዘብ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተሠርቷል። ይህ ጭማሪ ከቡናው ጋር የሚመጣ ነውና፣ ዩኒየናችሁ ያለው ሰርቲፊኬት ምን እንደ ሆነና ድርሻችሁ ስንት እንደ ደረሰ ጠይቁ።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ለብቻው የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ ሁለት ሰው ይፈርምበት። የገባውና የወጣው በጣቢያው ግድግዳ ላይ በትልቅ ፊደል ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችል በጉባኤ ይነበብለት። ሪፖርት ስትጽፉ የከሸፈውንም ጻፉ። ሣሩ በበጋ ተተክሎ ከደረቀ «ደርቋል፤ በሰኔ ደግመን እንተክላለን» በሉ። ለጋሹ ራሱ መጥቶ የደረቀውን ሣር ቢያገኝ፣ ደኅና ስላላችሁት ስለ ሌላውም ነገር አያምናችሁም።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ። እናንተ ጸሐፊዎች ናችሁ እንጂ የወረቀቱ ባለቤቶች አይደላችሁም። የጻፋችሁትን ከመላካችሁ በፊት በአማርኛም በኦሮምኛም ለአባሎቹ አንብቡላቸው። «ይህ የእኛ ቀበሌ አይደለም» ያሉበትን መስመር ሰርዙ።

በሚመጣው ሐሙስ ከገበያ መልስ እዚሁ እንገናኛለን። የማኅበራችሁን የገቢና የወጪ መዝገብ፣ የአባሎችን ስም ዝርዝርና አንድ ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ገንዘብ ያዦችም አይቅሩ።