ከሁለቱ ዓምዶች ባሻገር፦ ብረት አስተኔዎችና ኢ-ብረት አስተኔዎች



ርእሴ በአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚታለፍ ነው፤ የመረጥሁት ግን ለዓመታት ሳስተምረው ቆይቼ አንድ ቀን ስላሳፈረኝ ነው። የብረት አስተኔዎችንና የኢ-ብረት አስተኔዎችን ጠባይ በሁለት ዓምድ ጽፌ እንደ ጨረስሁ፣ በስምጥ ሸለቆ ያደገ አንድ ተማሪ እጁን አነሣ። «መምህር፣ የእኔንና የእኅቶቼን ጥርስ ያበለዘው ከየትኛው ዓምድ ነው?» አለኝ። «ከኢ-ብረት አስተኔዎቹ ነው፤ ፍሎሪን ይባላል» ብዬ መለስሁ። «ለምን በእኛ አገር ውሃ?» ሲለኝ ግን፣ ሰሌዳው ላይ ከጻፍሁት አንዱም መልስ አልሆነኝም።

እስኪ ያን ሰሌዳ መልሰን እንየው። ብረት አስተኔ ያንጸባርቃል፤ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሲቀጠቀጥ ይሳሳል እንጂ አይሰበርም። ኢ-ብረት አስተኔ ደብዛዛ ነው፤ አያስተላልፍም፤ ጠጣር ሲሆን ተሰባሪ ነው። ዝርዝሩ ይጠቅማል፤ ሆኖም አንዳንዴ ይከዳል። ሜርኩሪ ብረት አስተኔ ሆኖ ሳለ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው። ሶዲየም በቢላዋ ይቆረጣል። ካርቦን ግራፋይት ሲሆን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አልማዝ ሲሆን ደግሞ ኤሌክትሪክ ባያስተላልፍም ሙቀትን በማስተላለፍ መዳብን እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ዝርዝሩ ምልክት እንጂ ምክንያት አይደለም።

ምክንያቱ አቶሞች የውጭ ኤሌክትሮኖቻቸውን የሚይዙበት መንገድ ነው። በመዳብ ውስጥ እነዚህ ኤሌክትሮኖች የመላው ቁራጭ የጋራ ሀብት ናቸው። ስለሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሪክ ይሸከማሉ፤ የአቶሞቹ ድርድር በመዶሻ ሲንሸራተትም ማያያዛቸውን አይተዉም። በዳሎል ምድር ላይ ቢጫ ሆኖ የምናየው ድኝ ግን ስምንት ስምንት አቶሞች በቀለበት ተያይዘው የሠሩት ነው። በቀለበቱ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ በጥብቅ ተይዘዋል፤ ቀለበቶቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል ግን ደካማ ነው። ስለዚህም ድኝ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሲመታ ይደቅቃል፤ በ115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። መዳብ ለመቅለጥ 1085 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል።

ኬሚካዊው ጠባይም ከዚሁ ይመነጫል። ሁለቱ ሲገናኙ ብረት አስተኔው ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ኢ-ብረት አስተኔው ይቀበላል። ሶዲየም ውሃ ሲነካው በኃይል የሚንጣጣ ነው፤ ክሎሪን መርዛማ ጋዝ ነው። በአፋር ሜዳ በአሞሌ የሚቆረጠው ጨው ግን የእነዚሁ የሁለቱ ውሁድ ነው።

ከተቀባዮቹ ሁሉ ብርቱው ፍሎሪን ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው በአብዛኛው ኤሌክትሮን ተቀብሎ፣ ፍሎራይድ ሆኖ በዐለት ውስጥ ነው። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዊ ዐለቶች ፍሎራይድን ለከርሰ ምድር ውሃ ይለቃሉ። በውሃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ፣ ይህ ብረት አስተኔ ከፍሎራይዱ ብዙውን ይዞ በዘቀጠ ነበር። በብዙ ጉድጓዶች ግን ሶዲየም በዝቶ ካልሲየም አንሶ ይገኛል፤ ሶዲየም ፍሎራይድን አያዘቅጥምና በውሃው ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ እጅግ የበለጠውን ጥርሱ ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕፃን ሲጠጣው ጥርሱ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ይጎዳል።

መፍትሔውም ከዚያው ዝምድና ይገኛል። ከአጥንት የተሠራ ከሰል ፍሎራይድን የሚያጠምደው ካልሲየም ባለበት ማዕድኑ ነው። ውሃን ማፍላት ግን ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ መጠን ያጠነክረዋል እንጂ። ይህን አንዲት እናት ብታውቀው ከአንድ ፈተና ውጤት የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ያ ተማሪ ዛሬ ቢጠይቀኝ እንዲህ እለው ነበር፦ ጥርስህን ያበለዘው የአንድ ኢ-ብረት አስተኔ መብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ሊይዘው ይችል የነበረው ብረት አስተኔ ማነስም ነው። ሁለቱን ዓምዶች ለያይቶ ያስተማረ ሰው ይህን መልስ ሊሰጥ አይችልም። እናንተ ነገ መምህራን የምትሆኑ ተማሪዎች፣ ዓምዶቹን ጻፉ፤ ከዚያ ግን በመካከላቸው ያለውን መስመር አጥፉና ልውውጡን አስተምሩ።