ስልካችን አማና ነው
በወላይታ ሶዶ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ኢሻ እስኪደርስ ድረስ በኪሳችን ስላለው ስልክ ጥቂት ላውራችሁ።

አንዲት እህታችን በሥራ ቦታዋ ሒጃቧን እንድታወልቅ መታዘዟን በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ጻፈች። ግሩፑ የእኛው ነው፤ ሠላሳ ያህል ሰው ነን። ሌሊቱ ሳያልፍ ጽሑፏ ከነስሟ ስክሪንሾት ተደርጎ አለቃዋ ዘንድ ደረሰ። በማግስቱ ተጠርታ ተጠየቀች። ስልኳን ሰብሮ የገባ ማንም አልነበረም። ከእኛ አንዱ ምክር ሊጠይቅላት ብሎ ለጓደኛው ላከው፤ ጓደኛውም ለሌላ ላከው። እኔም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ሆኜ፣ «ይህን እዚህ አታውጪው፤ ለብቻ እንነጋገር» ሳልላት ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በወላይታ ሙስሊሙ ቁጥሩ አነስተኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ «አንዲት እህት» ቢባል ማን መሆኗ አይታወቅም። እዚህ ግን የሥራ ቦታዋና ሒጃቧ ከተጠቀሱ ስም መጥራት አያስፈልግም። ስለዚህ ጥንቃቄው ለእኛ ይበልጥ ይከብዳል።

አንዳንድ ወንድሞች «ጥያቄያችን ሰላማዊ ነው፤ የምንለውም በአደባባይ ነው፤ ታዲያ ምን እንደብቃለን?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጥያቄያችንን አንደብቅም። የምንጠብቀው ሰዎችን ነው። የተበደለችውን እህት፣ ምስክር የሆነውን ጎረቤት፣ ለታሳሪ ቤተሰብ ስንቅ የሚያቀብለውን ነጋዴ ነው።

ወደ ኋላ እንመልከት። በ2004 የአወሊያው ጥያቄ ሲነሣ ሕዝበ ሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴውን የመረጠው በግልጽ ነበር። ያም ሆኖ የኮሚቴው አባላት በዚያው ዓመት ሐምሌ ታሰሩ፤ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰው በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በዚያን ዘመን የስልክ አገልግሎት ሰጪው አንድ ብቻ ነበር። ሂውማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት፣ በምርመራ ክፍል ውስጥ የገዛ ድምፃቸው ተቀድቶ የተከፈተላቸውን፣ ከማን ጋር እንደተደዋወሉ ዝርዝር የቀረበባቸውን ሰዎች ቃል አስፍሯል። አንድ ሰው ሲያዝ ስልኩ የሌሎችን በር ያንኳኳል ማለት ነው።

ራስን መጠበቅ ራሱ ክስ ሆኖ ያውቃል። የዞን ዘጠኝ ጦማርያን በሚያዝያ 2006 ሲታሰሩ፣ ከቀረቡባቸው ነገሮች አንዱ የመልእክት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። የሽብር ክሱ ግን በመጨረሻ አልጸናም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የደብዳቤ፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። በዲናችንም ሱረቱል ሑጁራት የሰውን ነውር መሰለልን ይከለክላል። መልእክትን መቆለፍ ወንጀል አይደለም፤ የቤትን በር እንደመዝጋት ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ተራ የስልክ ጥሪና ኤስኤምኤስ በአገልግሎት ሰጪው በኩል ሊሰማና ሊነበብ ይችላል። ሲም ካርዱም በስማችን የተመዘገበ ነው። ቴሌግራምን ሁላችንም እንወደዋለን፤ ለዳዕዋና ለማስታወቂያ ጥሩ ነው። ነገር ግን የተለመደው የቴሌግራም መልእክት ድርጅቱ ራሱ ሊከፍተው በሚችል መልኩ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ግሩፕም እንደዚያው ነው። ከላኪው እስከ ተቀባዩ የሚቆለፈው ሁለት ሰዎች በተለይ «ሚስጥራዊ ቻት» ብለው ሲከፍቱት ብቻ ነው። ዋትስአፕ ከ2008 ጀምሮ መልእክቱን ይቆልፋል፤ ሆኖም በጎግል ላይ የሚቀመጠውን ቅጂ መቆለፍ የእኛ ሥራ ነው።

ሲግናል ነፃ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ነው። ጥሪውም ግሩፑም ሁሉ ከመጀመሪያው የተቆለፈ ነው። በአውሮፓውያን 2016 የአሜሪካ ፍርድ ቤት የአንድ ተጠቃሚን መረጃ ሲጠይቀው፣ ሊሰጥ የቻለው አካውንቱ የተከፈተበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ ሌላ ያስቀመጠው ነገር አልነበረም። መልእክት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ማድረግም ይቻላል። ስልክ ቁጥርን ከግሩፑ አባላት መደበቅም እንዲሁ።

ነገር ግን እንዳንታለል። ቁልፉ የሚጠብቀው በመንገድ ላይ ያለውን መልእክት ነው። ስልኩ በሰው እጅ ከገባ፣ ወይም ከግሩፑ አንዱ አሳልፎ ከሰጠ፣ ሲግናልም አያድነንም። ስለዚህ አምስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ስልካችን በጣት አሻራ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ስድስት አኃዝ ባለው ቁጥር ይቆለፍ። ሁለተኛ፣ ለጥገና ስንሰጥ የመክፈቻ ቁጥሩን ጽፈን አንስጥ፤ አጠገቡ ቆመን እናሠራ። ሦስተኛ፣ የማያስፈልግን መልእክት አናከማች። አራተኛ፣ የተበደለን ሰው ስምና ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለማንም አንላክ፤ ለኢማሙም ቢሆን። አምስተኛ፣ ለሁሉም የሚነገረው በትልቁ ግሩፕ፣ የአንድ ሰው ጉዳይ ግን ጉዳዩን ለያዙት ለሁለትና ለሦስት ሰዎች ብቻ ይሁን።

የ2012ን ክረምትም አንርሳ። በሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። በነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ የዞናችን አመራሮች እዚሁ ሶዶ ላይ ሲታሰሩ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ይደነግጣል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም ያገኘውን ሁሉ በተራ ስልክ ይናገራል። ቀድመን እንስማማ፤ ኔትወርክ ከጠፋ የምንጠያየቀው በእግር፣ ቤት ለቤት ነው። በስልክ የምንባባለው «ደኅና ነኝ» ብቻ ይሁን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሂጅራ ሲወጡ በአላህ ላይ ያላቸው እምነት ሙሉ ነበር። ሆኖም በሠውር ዋሻ ተሸሸጉ፤ ስንቅ የምታቀርበው አስማእ ነበረች፤ ወሬ የሚያመጣው ወንድሟ ዐብዱላህ ነበር፤ ዱካቸውን በበጎች እግር የሚያጠፋውም እረኛው ዓሚር ነበር። መንገድ መሪያቸው ሙስሊም አልነበረም፤ ግን ታማኝ ነበርና ምስጢራቸውን ጠበቀ። ሁሉም የድርሻውን ያዘ፤ ማንም ከድርሻው በላይ አልተናገረም።

ያቺ እህታችን ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ለማንም ምንም አልነገረችም። የተበደለ ሰው ለእኛ መናገር ከፈራ ጥያቄያችንን ማን ያቀርበዋል? ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ስልካችሁን ክፈቱና የማን ምስጢር እንዳለበት እዩ። የእናንተ ያልሆነውን አጥፉ፤ የሚቀረውን ቆልፉ።

አላህ አማናውን ከሚወጡት ያድርገን። የታሰሩትን ይፍታልን፤ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።